ከፕላዝማ ትምህርት እስከ ሙዝ መለያ ካሜራ፦ ያልተሰላ መስመር ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። ብልሃቱ ቀላል ነበር፤ አንድ ማዕከል የሚለቀውን ምስል ብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ያዩታል። ተቀባይ ቢበዛ መስመሩ አይጨናነቅም። ያስቸገረው ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ተማሪው ካልገባውም ቆም አይልም። ስክሪኑ ደረሰ፤ ስክሪኑን የሚሸከመው ግን እኩል አልተዘጋጀም።

የፋብሪካ ካሜራ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው፦ ላኪው ብዙ፣ ተቀባዩ አንድ ኮምፒውተር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጊግኢ ቪዥን የተባለው ደረጃ ሲወጣ የኢንዱስትሪ ካሜራዎች በተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ርቀት በአንድ ቋንቋ መገናኘት ቻሉ። በ2013 ዩኤስቢ 3 ቪዥን ተከተለ፤ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ ኬብሉ ግን አጭር ነው። ማገናኘቱ ቀለለ፤ ሒሳቡን መርሳትም አብሮ ቀለለ።

ምዕራብ ዓባያን እናስብ። የብርብር አካባቢ ሙዝ ዛሬ በዓይን ይለያል፣ በሰው ትከሻ ይጫናል። ነገ አራት ካሜራ ያለው መለያ ማሽን ይገዛ ቢባል፣ ባለ 5 ሚሊዮን ፒክስል አንድ ካሜራ በሰከንድ 20 ምስል ሲያነሳ፣ ለፒክስል 1 ባይት ቢያዝ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ይልካል። ይህ 800 ሜጋቢት ነው፤ የ1 ጊጋቢት ኬብልን ለብቻው ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የሙዝ ብስለት በቀለም ስለሚታወቅ ካሜራው ሙሉ ቀለም ሠርቶ ይላክ ከተባለ ጭነቱ 3 እጥፍ ይሆናል።

አራቱ በአንድ ስዊች ተሰብስበው በአንድ የ1 ጊጋቢት ኬብል ኮምፒውተሩ ውስጥ ይግቡ ቢባል፣ 3200 ሜጋቢት በ1000 አያልፍም። ምስል እየተንጠባጠበ ይጠፋል፤ የበሰበሰውም ሙዝ ሳይታይ ያልፋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ፖርት ያለው የኔትወርክ ካርድ፣ ወይም ባለ 10 ጊጋቢት መስመር ነው። ሁሉም ምስል ይቀመጥ ከተባለ ደግሞ በሰዓት 1.44 ቴራባይት ይከማቻል።

ኢንተርኔት ደካማ ነው የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም። ምስሉ ከግቢ አይወጣም፤ የሚወጣው «ያልፋል፣ አያልፍም» የሚል ጥቂት ባይት ነው። ጠባቡ በር ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። የውሃ መሐንዲስ ቧንቧ ከመግዛቱ በፊት በውስጡ የሚያልፈውን ውሃ ይለካል። ካሜራም እንዲሁ ነው፤ ሳይለካ የተገዛ ማሽን ዕዳው የሚወድቀው በሙዝ አምራቹ ላይ ነው።