የሁለት ዓመቱ ገደብ

የውጭ አገር ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ይመለስ ወይስ ቋሚ መኖሪያ ያግኝ የሚለው ጥያቄ ጀርመንን ከስድሳ ዓመት በላይ አከራክሯል። ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ ቀን የተቆረጠለት ፈቃድ ሠራተኛውንም አገሪቱንም እንደሚጎዳ፣ ያሰበውንም ግብ እንደማይመታ ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቱርክ ጋር ያደረገችው የሠራተኛ ስምምነት የቆይታውን ጣሪያ ሁለት ዓመት ላይ ወስኖ ነበር፤ አንዱ ሠርቶ ሲመለስ ሌላው እንዲተካው። ገደቡ እንዲነሣ አጥብቀው የወተወቱት አሠሪዎቹ ናቸው። ሰውየው ማሽኑን ለምዶ፣ ከአለቃው ጋር መግባባት ጀምሮ፣ እጁ ሲፍታታ አሰናብቶ ጀማሪ መቀበል ኪሳራ ሆነባቸው። በ1964 ስምምነቱ ሲሻሻል ገደቡ ተነሣ።

እስከ 1973 ከመጡት 14 ሚሊዮን ገደማ የውጭ ሠራተኞች 11 ሚሊዮን ያህሉ ተመልሰዋልና ጊዜያዊነቱ ሠርቷል የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ብዙው የተመለሰው በራሱ ፈቃድ፣ ያሰበውን ገንዘብ ቋጥሮ ነው። በነዳጁ ቀውስ ወቅት፣ በኖቬምበር 1973፣ መንግሥት ምልመላውን ሲያቆም ነገሩ ተገለበጠ። ከወጣ እንደማይመለስ ያወቀው ቱርካዊ መሄዱን ትቶ ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ። ጣሊያናዊው ግን የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል አገር ዜጋ ስለሆነ በሩ አልተዘጋበትም፤ እንደ ልቡ ይወጣና ይገባ ነበር፤ ከቱርካዊው ይልቅ በብዛት ወደ አገሩ የተመለሰውም እሱ ነው። ከክርክሩ ሁሉ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ማስረጃ ነው፤ የመኖር መብቱ የተረጋገጠለት ሰው ለመሄድ አይፈራም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሳለ በ2000 የጌርሃርድ ሽሮደር መንግሥት እስከ 20,000 የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ለመጋበዝ ያወጣው «ግሪን ካርድ» እንደገና በአምስት ዓመት ተገደበ። የተቃዋሚው ወገን ፖለቲከኛ ዩርገን ሩትገርስ ደግሞ ሕንዳውያንን ከመጥራት የራሳችንን ልጆች እናሠልጥን ብለው ዘመቱ። ማሠልጠኑ ግዴታ መሆኑ አያከራክርም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ትምህርት የጀመረ ልጅ ዛሬ የጎደለውን ቦታ አይሞላም። ኮታውም ሳይሞላ ቀረ። የቴክኖሎጂ ገበያው መውደቅ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ሌላ አገር ቋሚ ኑሮ የሚጠብቀው ባለሙያ ለአምስት ዓመት ብሎ ቤተሰቡን የሚነቅልበት ምክንያት ጥቂት ነበር። የ2005 ሕግ ከፍተኛ ሙያ ላላቸው ገና ሲመጡ ቋሚ ፈቃድ ፈቀደ፤ በ2012 የመጣው «ብሉ ካርድ» በ33 ወር፣ ጀርመንኛ ለሚችል በ21 ወር ወደ ቋሚነት አሸጋገረ። ሠራተኛው ይመለሳል በሚል ሲዘገይ የኖረውን የቋንቋ ትምህርት መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ በሕግ የደነገገውም በዚያው በ2005 ነው፤ በ1961 በ25 ዓመቱ የመጣ ሠራተኛ ያኔ 69 ሞልቶታል።