የታመመ ከብት በባህላዊ መድኃኒት ሲታከም፦ ቤተሰቡ ሊያውቀው የሚገባ

በየጁቤ፣ በብቸና፣ በሞጣና በሌሎች የምሥራቅ ጎጃም አካባቢዎች በሬና ላም የቤተሰቡ መተዳደሪያ ናቸው። ከብት በድንገት ሲታመም የእንስሳት ክሊኒክ ሩቅ ከሆነ ወይም ከመሸ፣ መጀመሪያ የሚሞከረው በጓሮ ያለው ቅጠልና ሥር ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል የሚረዱ አሉ። ነገር ግን ከብት የሚያክም ሰው ምራቅ፣ ደምና ፈሳሽ በእጁ ይነካል። አንዳንድ የከብት በሽታዎች ወደ ሰው የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የትኛው ቅጠል ይሻላል?» ሳይሆን «ይህ በሽታ በእጅ የሚነካ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

በብዛት የሚታወቁ መድኃኒቶች

• ሆድ ሲነፋ፦ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ፣ በውኃ የተበጠበጠ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የኑግ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይጋታል። ዘይት በከብቱ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመውን አረፋ ስለሚሰብር ሊረዳ ይችላል።
• አልቅት ሲገባ፦ የትምባሆ ቅጠል ተዘፍዝፎ ውኃው በአፍንጫ ይደረጋል።
• ለሆድ ትል፦ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ይሰጣሉ።
• ለቁስልና ለቆዳ በሽታ፦ የእሬት ፈሳሽ፣ የብሳና ቅጠል፣ ማርና ቅቤ ይቀባሉ።

መድኃኒቱ ራሱ ሲጎዳ

«ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። እንዶድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ በኋላም እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። ይህን የሚያደርግ ተክል መጠኑ ሲበዛ ከብትንም ሰውንም ይመርዛል። ኮሶ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የዓይን ብርሃንን ሊጎዳ ይችላል። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ቅጠሉን የሚያሸውን ሰው ሊያጥወለውልና ሊያስመልስ ይችላል።

አጋጋቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የከብቱ ራስ በጣም ወደ ላይ ተቀንቶ፣ ምላሱ ተጎትቶ ወይም መዋጥ እያቃተው ከተጋተ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባና ሊገድለው ይችላል። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ መዥገር ለማጥፋት ከብት ላይ አይረጭም፤ በቆዳ ገብቶ በወተትና በሥጋ ወደ ቤተሰቡ ሊደርስ ይችላልና። ቅቤም ሆነ እበት የሰው ቁስል ወይም የሕፃን እትብት ላይ ማድረግ ለመንጋጋ ቆልፍ ስለሚያጋልጥ መቅረት አለበት።

በቤት መድኃኒት የማይሞከሩ በሽታዎች

አባ ሰንጋ፦ ከብቱ ብዙ ጊዜ ሳይታመም የቆየ ይመስል በድንገት ይሞታል። ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም ሊወጣ ይችላል። በአገራችን በክት አይበላም፤ ይህ ልማድ ከብዙ አደጋ ይጠብቃል። አደጋው ያለው «ሳይሞት ይታረድ» ተብሎ በችኮላ ሲታረድና ሥጋው ለጎረቤት ሲከፋፈል ነው። ከብቱ ተባርኮ መታረዱ በሽታውን አያጠፋውም፤ የሚያርደው፣ የሚገፈውና የሚበላው ሁሉ ይጋለጣል። በድኑ ሲከፈት ጀርሙ ለአሥርት ዓመታት በአፈር ውስጥ የሚቆይ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥጋውን መቀቀልም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። በድኑን ሳይከፍቱና ቆዳውን ሳይገፉ ለእንስሳት ባለሙያ ያሳውቁ። በባለሙያ ምክር ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ በእብድ ውሻ የተነከሰች ላም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅታታል፣ ድምፅዋ ይቀየራል። ብዙ ሰው «አጥንት ወይም ድንች አንቋት ነው» ብሎ እጁን እስከ ጉሮሮዋ ያስገባል ወይም ቅጠል ይግታታል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ በምራቋ ውስጥ አለና። መዋጥ ያቃታትን ላም አፍ በባዶ እጅ አይንኩ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ይከላከላል።

ውርጃ፦ ላም፣ በግ ወይም ፍየል ስትጨነግፍ ወይም የእንግዴ ልጁ ሲቀር ምክንያቱ ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል። ሰው የወጣውን ጽንስ በባዶ እጅ ሲነካ ወይም ያልተፈላ ወተት ሲጠጣ ይይዘዋል። በሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ያመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በምንም ምክንያት ለዚህ ሥራ አትቅረብ።

ክትባት ለምን ይመረጣል?

በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ረሀብ ካባባሱት ነገሮች አንዱ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው በክትባት ዘመቻ ተገትቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ተረጋገጠ። ለአባ ሰንጋም የከብት ክትባት አለ። የክትባት ወቅት ሲነገር ሁሉንም ከብት ማስከተብ ቤተሰቡንም መጠበቅ ነው።

ከብት ሲያክሙ

• ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለ ንጹሕ ፌስታል በእጅዎ ላይ ይሰሩ።
• እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ይተካዎ። ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ።
• ወተት አፍልተው ይጠጡ። የታመመች ወይም መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት መቼ እንደሚጠጣ ባለሙያውን ይጠይቁ።
• ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ሰው እንዳይጠጣውም ይጠንቀቁ።
• አስቀድመው ቅጠል ከሰጡ ስሙንና መጠኑን ለእንስሳት ሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

• የታመመ ከብት ከነኩ በኋላ የሚያሳክክ ትንሽ እብጠት ወጥቶ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ መሐሉ የጠቆረና ብዙም የማያም ቁስል ከሆነ፤
• የታመመ ከብት ሥጋ ከበሉ በኋላ ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ፤
• ያበደ ሊሆን የሚችል እንስሳ ከነከሰዎ፣ ከቧጨረዎ ወይም ምራቁ ቁስልዎን፣ ዓይንዎን ወይም አፍዎን ከነካ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና ምልክት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥቁር መሐል ያለው ቁስል እንደ ተራ እባጭ ተቆጥሮ ቅጠል እየተቀባ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። አባ ሰንጋ ግን በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ባለሙያው ባይጠይቅዎም «ቤታችን ከብት ታሞ ነበር፤ ነክቻለሁ» ወይም «ሥጋውን በልተናል» ብለው ይንገሩ። ሥጋው ለጎረቤት ተከፋፍሎ ከሆነም የወሰዱትን ሰዎች አብረው ያሳውቁ።