«እኛ» የምንለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የጤና መኮንን ለደም ግፊት ክትትል እኔ ዘንድ ይመላለሱ ነበር። ጎንደር መማሬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «የኛ ልጅ ነሻ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳላስበው፣ «አይ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ሌላ ኮሌጅ ነበር፤ የኛ ሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የተከፈተ ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። መለኪያውን ከክንዳቸው ስፈታ ግን፣ «ዕድሜ ስትቆጥሩ ከኛ ነው የምትጀምሩት» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በወረቀት ከሄድን አልተሳሳትኩም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም አያስመርቅም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና አልተረሳም፤ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ የጤና መኮንን፣ ኮሙኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ታሰበ። የሕክምና ትምህርቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ የተቋሙ ስም ተለወጠ፣ መምህሩም ተማሪውም ተለወጠ። ታዲያ ያው ነው የሚያሰኘው ምን ቀረ?

ፈላስፋዋ ማርጋሬት ጊልበርት የምታነሣው ምሳሌ አለ። በአንድ መንገድ ጎን ለጎን የሚጓዙ ሁለት ሰዎች ገና «እኛ» አይደሉም። አብረው እየሄዱ ከሆነ ግን አንደኛው ቃል ሳይተነፍስ ቢታጠፍ ሌላው የመውቀስ መብት አለው። እድርተኛ ይሄን ለማወቅ ፈላስፋ አያስፈልገውም፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። የቡድን እምነትንም እንዲሁ ነው የምታየው፤ የአባላቱ እምነት ድምር አይደለም። ስብሰባ የምትቀመጡ መምህራን ታውቁታላችሁ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ «ዲፓርትመንቱ ያምናል» ተብሎ የሰፈረውን ሻይ ላይ በራሱ ስም የሚለው አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል። ሆኖም ውጭ ወጥቶ ተቃራኒውን የተናገረ ይወቀሳል።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ሁለቱ መንገደኞች አብረን እንሂድ ተባብለዋል። እኔ በ1954 ከማንም ጋር ምንም አልተባባልኩም፤ እናቴም ገና አልተወለደችም።

ግን ቲቲፒ ወጥቻለሁ። ከነርሲንግ፣ ከላቦራቶሪና ከአካባቢ ጤና ተማሪዎች ጋር አንድ ቤት አድረን፣ ቤት ለቤት እየዞርን መዝግበን፣ ሽንት ቤት አስቆፍረናል። እውነቱን ለመናገር ያኔ የማየው እንደ ውጤት ማግኛ ብቻ ነበር። ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ሆኖም አንድ ጠዋት ተኝቼ ብቀር የአካባቢ ጤናው ልጅ ሊቆጣኝ መብት ነበረው፤ ተቆጥቶኝም ያውቃል። ያ መብት ከየት መጣ? እኔና እሱ የፈጠርነው አይደለም፤ እነ ጋሼ የጀመሩትን አብሮ መውጣት ነው ሁለታችንም የተቀበልነው። ስለዚህ ዕድሜውን ከቆጠርን ግዴታውም አብሮ ይቆጠራል። እኛ ሐኪሞች ክብሩን ወስደን ጤና ጣቢያውን ለሌላ የመተው ልማድ አለን። እኔም ከነዚያ አንዷ ነኝ፤ ከተማ ከገባሁ ቆየሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቲቲፒ የት እንደወጣሁ ጠየቁኝ።

«ቆላድባ» አልኳቸው።

«እኔም ቆላድባ ነበርኩ። ስንት ሽንት ቤት አስቆፈራችሁ?»

ቁጥሩን አላስታውስም ነበር። እሳቸው የራሳቸውን ያስታውሳሉ።