ሕፃናቱ ይግቡ፤ ወላጆቻቸውስ?

ጦርነት ወይም ጭቈና ያባረረውን ሰው አገር ይቀበለው ወይስ አይቀበለው የሚለው ክርክር፣ የሚራሩና የማይራሩ ሰዎች የሚሟገቱበት መስሎ ይታያል። በምክር ቤት የተነገረውን ቃል ለመረመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ንግግሩን የሚጀምረው በማዘን ነው። ሙግቱ የሚከርረው ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ ይቀመጣል፣ በእርሱ እግር ስንት ሰው ይከተላል በሚባልበት ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእንግሊዝና በአሜሪካ ስለ ስደተኞች ሕፃናት የተደረገው ክርክር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። (ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው በስፔን ነው። በኤፕሪል 26 ቀን 1937 የጀርመንና የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ጌርኒካ የተባለችውን የባስክ ከተማ ደበደቡ። የኢጣሊያ አይሮፕላን በባላገር ላይ ምን እንደሚያደርግ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በእንግሊዝ አገር ሕፃናቱን እናምጣ የሚሉ ሰዎች ሲነሡ፣ መንግሥቱ በስፔን ጦርነት ጣልቃ አልገባም ብሎ ስለ ነበር እጅግ አመነታ። በመጨረሻ የፈቀደው ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ አድርጎ ነው። በሜይ 23 ቀን ሀባና የተባለው መርከብ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ይዞ ሳውዛምፕተን ደረሰ፤ በከተማው አጠገብ በሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው። ቀለባቸውን የቻሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኞች ማኅበራትና በየመንደሩ መዋጮ የሚሰበስቡ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህ አሠራር፣ ማለት ሕፃናት ብቻ፣ ለጊዜው ብቻ፣ በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ብቻ የሚለው፣ ለሚከተለው ታሪክ መንገድ ከፈተ።

በኖቬምበር 9 ሌሊት 1938 በጀርመንና በኦስትሪያ የአይሁድ ምኵራቦች ተቃጠሉ፤ ሱቆቻቸው ተዘረፉ፤ ብዙ ሺህ ወንዶችም ወደ እስር ሰፈር ተወሰዱ። ነገሩ በኖቬምበር 21 ቀን በእንግሊዝ ፓርላማ ቀረበ። ክርክሩን የከፈቱት ፊሊፕ ኖኤል ቤከር ናቸው፤ እኒህ ሰው ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ስለ እርስዋ አጥብቀው የተከራከሩ ናቸው። መልስ የሰጡት የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሳሉ ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተስማምተው ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ ለመቍረስ ያሰቡትና በዚያው ምክንያት ከሥልጣን የለቀቁት ሆር ናቸው። ይህ ክርክር ሲደረግ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በባዝ ከተማ በስደት ይኖሩ ነበር። ታሪክ ሰውን በአንድ ሥራው ብቻ ለመመዘን አይመችም፤ ሆር በዚያን ቀን ያስከፈቱት በር 10,000 ያህል ሕፃናትን አድኗል።

በሩ ግን በልክ የተከፈተ ነበር። ሆር የውጭ አገር ሰው በብዛት ይገባል የሚል ሥጋትና ጥርጣሬ በሕዝቡ ውስጥ እንዳለ ለምክር ቤቱ አልሸሸጉም። ሥራ አጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። የእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ ተቃወሙ ከኦስትሪያ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ሐኪሞች 50 ብቻ ናቸው፤ የቤት ሠራተኛ ስለ ታጣ ግን 20,000 ያህል ሴቶች ገረድ ለመሆን ተፈቅዶላቸው ገብተዋል። ከእነዚህም ውስጥ በገዛ ቤታቸው ገረድ ያሳድሩ የነበሩ አሉ። ሕፃን የማንንም እንጀራ አይሻማም። ሆር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ብዙ ሺህ የቤልጅግ ሕፃናትን ማስጠጋቷን አስታውሰው፣ አሁንም ለሕዝብ ሸክም የማይሆኑት ይግቡ አሉ። ስለ ወላጆችም ተናገሩ፤ ልጅን ለባዕድ መስጠት እንዴት ያለ ጭንቅ እንደ ሆነ ገልጸው፣ ወላጆቹ ግን መለየቱን ፈቅደዋል የሚል ወሬ ከጀርመን እንደ ደረሳቸው አስረዱ። ወላጆቹ ከነልጆቻቸው ቢመጡስ የሚለው ጥያቄ በዚሁ ተዘጋ። የመጀመሪያዎቹ 200 ያህል ሕፃናት በዲሴምበር 2 ቀን ሃርዊች ወደብ ገቡ። በ1939 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕፃን ወደ ሌላ አገር መሄጃ የሚሆን የ50 ፓውንድ ዋስትና እንዲያዝ ተደረገ።

በአሜሪካ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ በ1924 የወጣው ሕግ በየዓመቱ ከየአገሩ የሚገባውን ሰው በቍጥር ስለ ወሰነ፣ የአንድ ሚኒስትር ፈቃድ አይበቃም ነበር፤ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሚገባው በጠቅላላው 27,370 ነው። በፌብሩዋሪ 1939 ሴናተር ሮበርት ዋግነርና የምክር ቤት አባል ወይዘሮ ኤዲት ኖርስ ሮጀርስ፣ ከኮታው ውጭ በሁለት ዓመት 20,000 ሕፃናት እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ። የሠራተኞች ማኅበራትና ኵዌከሮች ደገፉት። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ሊጅን ተቃወመው፤ በአገራችን የተራቡ ሕፃናት ሳሉ ለባዕድ ልጅ ምን አስጨነቀን የሚሉም ተነሡ። አንዳንዱ ደግሞ ልጅን ከወላጅ መለየት ነውር ነው ሲል፣ ሌላው ወላጆቹ ተከትለው መምጣታቸው አይቀርም ይል ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ዳሩ ግን በአንድ ሸንጎ ተስማምተው ሠርተዋል። በጃኑዋሪ የሕዝብ አሳብ ሲጠየቅ፣ 10,000 ሕፃናት ይግቡ በተባለው ላይ ከመቶ 61 እጅ እምቢ ብሎ ነበር። የሴኔቱ ኮሚቴ ሕፃናቱ ከኮታው ይቈጠሩ ብሎ አሻሻለው። ያ ማለት አንድ ሕፃን በገባ ቍጥር አንድ ሌላ ስደተኛ ቦታውን ይለቃል ማለት ስለ ሆነ፣ ዋግነር ሐሳባቸውን ተዉት። በሚከተለው ዓመት እንግሊዝ በአይሮፕላን ስትደበደብ ግን ያው ኮንግረስ የእንግሊዝን ሕፃናት የሚያመጡ የአሜሪካ መርከቦች እንዲሄዱ የሚፈቅድ ሕግ ሳይዘገይ አወጣ። እንግዲህ ሕፃንነት ብቻውን በቂ ምክንያት አልነበረም፤ የማን ልጅ ነው የሚለውም ይጠየቅ ነበር።

እንግሊዝ የገቡትም ቢሆኑ ሥጋቱ ተከትሎአቸዋል። በ1940 የበጋ ወራት ጀርመን ፈረንሳይን ስታሸንፍ፣ ከ16 ዓመት ያለፉት ብዙዎቹ የጠላት አገር ሰዎች ተብለው ታሰሩ፤ አንዳንዶቹም ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተላኩ። የቀሩት በተሰጡበት ቤት አደጉ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ከወላጆቻቸው ጋር የሚጻጻፉት በቀይ መስቀል በኩል ሲሆን፣ የተፈቀደውም 25 ቃል ነበር። ከ1942 ወዲህ ለብዙዎቹ ያም ቀረ።