ከእንጦጦ ወረዱ፤ ወደ አዲስ ዓለም ግን አልሄዱም

ዳግማዊ ምኒልክ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ገጥሟቸዋል፦ የጎደለውን አሟልቶ መቆየት ይሻላል ወይስ ሁሉንም ትቶ መነሣት? በ1879 ዓ.ም. ጥያቄው የእንጦጦ ነበር። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ጠላትን ከሩቅ ስለሚያሳይ ለምሽግ ይመቻል። ለከተማ ግን ብርዱ የበረታ፣ ውኃው የራቀ፣ ዳገቱም ለተጫነ አጋሰስ የሚከብድ ነበር። እነዚህ ከተራራው ጋር አብረው የተፈጠሩ ጉድለቶች ስለሆኑ በጥገና አይወገዱም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ተከትሎ መውረዱ ትክክል ነበር፤ እንጦጦ ማርያም ግን አልተተወችም፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚያው ነው።

ብዙም ሳይቆይ እዚያ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ማገዶ አጠራት። የእንጦጦና የየካ ጽድና ወይራ ለቤትና ለምድጃ ተመነጠረ፤ እንጨትም ከሩቅ ይጫን ጀመር። በዘመኑ ልማድ መፍትሔው ግልጽ ነበር፦ ከቀድሞ መናገሻዎቻቸው ከአንኮበርና ከልቼ እንደተነሡት መነሣት። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። የአዲስ አበባ ችግር ግን ከእንጦጦው ይለያል። ያጠረው አንድ ነገር፣ እንጨት ብቻ ነው፤ ለእሱም ምትክ ተገኝቶ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በዚያ ላይ ዛሬ የካ በምንለው በኩል የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች ቦታ ተመርተዋል፤ ነጋዴውና መኳንንቱም ቤት ሠርተዋል። ከተማዋን ማንሣት ይህን ሁሉ እንደ አዲስ መሥራት ነበር። በመጨረሻ ዋና ከተማዋ ባለችበት ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

   

ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ሳይሆን ባቡር ነው የሚል ይኖራል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም.፣ ጉዳዩ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሣር አያስበቅልም፣ የአገሬውንም ዛፍ ቦታ ወሰደ። ሸክሙም በሴቶች ጀርባ ላይ ወደቀ፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን በገመድ ጠፍረው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ከእንጦጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህ በደል እውነት ነው፤ አቅልሎ ማየትም ነውር ነው። ሆኖም ዙፋኑ ወደ አዲስ ዓለም ቢሄድ ምሳሩም አብሮ ይሄድ ነበር፤ የዚያም ደን የእንጦጦ ጽድ ዕጣ ይደርሰው ነበር። ለሴቶቹ ሸክም ተጠያቂው መቆየቱ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ለድሀው ጓዳ ከእንጨት የተሻለ ማገዶ በአቅሙ ሳይደርስ መቅረቱ ነው።