እብድ የተባሉት ገበሬ

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ የሳህልን ምድር ሲያነደው በሰሜን ቡርኪና ፋሶ ብዙ ገበሬ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። ያኩባ ሳዋዶጎ ግን የገበያ ንግዳቸውን ትተው ጉርጋ ወደምትባለው መንደራቸው፣ ወደ እርሻ ተመለሱ።

በበጋ፣ እንደ ድንጋይ በደረቀው መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈሩ ፍግ ሞሉበት። «ዛይ» የሚባል የአባቶች ዘዴ ነው፤ እሳቸው ግን ጉድጓዱን አሰፉት፣ አጠለቁት። ፍጉ ምስጥ ጠራ፤ ምስጡ አፈሩን ፈለፈለ፤ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ሰረገ። ማሽላው በቀለ፤ ዛፍም አብሮ በቀለ።

ጎረቤት ግን «አብደዋል» አለ። ደናቸውም በእሳት ተቃጠለ። እሳቸው መልሰው ተከሉ።

የቤተሰብ አባቱ ያኩባ ያወቁትን ለልጆቻቸው ብቻ አላስቀሩም። ከየመንደሩ ገበሬ እየጠሩ ዘር አካፈሉ፣ ቁፋሮውን አስተማሩ። ደኑም ወደ 40 ሄክታር ሰፋ። በ2018 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። የዋሂጉያ ከተማ እየሰፋች ስትመጣ ግን ከመሬታቸው ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኗል።

ያኩባ በታኅሣሥ 2023 አረፉ። ከመሬታቸው መቁረስ ይቻላል፤ በየመንደሩ ገበሬ እጅ የገባውን እውቀት ግን ማን ይሸነሽነዋል?