የጥርስ ሙሌት ሕክምና፦ ምንነቱና የመሙያ ዓይነቶች አመራረጥ

የጥርስ ሙሌት በመቦርቦር የተጎዳው የጥርስ ክፍል ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ክፍተቱ ለዚሁ በተዘጋጀ ቁስ የሚሞላበት ሕክምና ነው። ዓላማው ጥርሱን ከመነቀል ማዳን፣ የማኘክ አገልግሎቱን መመለስና ጉዳቱ ወደ ነርቩ እንዳይዘልቅ መግታት ነው።

ጥርስ እንዴት ይቦረቦራል?

በአፍ ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። አሲዱ የጥርስን ጠንካራ የውጭ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ቀጥሎም ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል። በተለምዶ «ጥርሴን ትል በላው» ቢባልም ጥርስን የሚቦረቡር ትል የለም። በመሆኑም ጭስ መታጠን የተቦረቦረን ጥርስ አያድንም።

መቦርቦር በጅምሩ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ቀዝቃዛ፣ ትኩስ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ለአጭር ጊዜ የሚሰማ ሕመም ሲኖር ብዙውን ጊዜ ጥርሱን በሙሌት ማዳን ይቻላል። ያለ ምክንያት የሚጀምርና እንቅልፍ የሚነሳ ጥዝጣዜ ግን ነርቩ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ደረጃ ሙሌት ብቻውን ስለማይበቃ የጥርስ ሥር ሕክምና ወይም ማስነቀል ሊያስፈልግ ይችላል። ስለሆነም ሕመሙ እስኪበረታ መጠበቅ ጥርሱንም ገንዘብንም ያሳጣል።

የፍሎራይድ መጠኑ ከፍተኛ የሆነ የከርሰ ምድር ውኃ በሚጠጣባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚታየው የጥርስ መበለዝ ከመቦርቦር የተለየ ነው። የበለዘ ጥርስ ሁሉ ሙሌት ስለማያስፈልገው ልዩነቱን በምርመራ ማረጋገጥ ይገባል።

ዋና ዋና የመሙያ ዓይነቶች

1. አማልጋም፦ ብርማ ቀለም ያለው ሲሆን ከሜርኩሪ (ባዜቃ)፣ ከብር፣ ከቆርቆሮና ከመዳብ ይዘጋጃል፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ጠንካራ፣ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግልና ዋጋውም አነስተኛ ነው። ሆኖም ቀለሙ በግልጽ ይታያል። ሜርኩሪ በአካባቢ ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ አጠቃቀሙ በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እንዲቀንስ ተወስኗል። በ2022 እ.ኤ.አ. በስምምነቱ ላይ የተደረገው ማሻሻያም ሐኪሙ አስፈላጊ መሆኑን ካላመነበት በስተቀር በወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች፣ በነፍሰ ጡሮችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ አማልጋም እንዳይሠራ ይደነግጋል።

2. ኮምፖዚት፦ ከሬዚንና ከደቃቅ የመስታወት መሰል ቅንጣቶች የሚሠራ፣ የጥርስን ቀለም የሚመስል መሙያ ነው። ጥርሱ ላይ ስለሚጣበቅ ጤናማው ክፍል ብዙ እንዲቆረጥ አያስገድድም። በልዩ ብርሃን ወዲያውኑ ይጠነክራል። ሲሠራ ጥርሱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከአማልጋም ይበልጣል።

3. ግላስ አዮኖመር፦ ፍሎራይድ የሚለቅና ጥርስ ላይ በራሱ የሚጣበቅ ነው። በእጅ መሣሪያ ብቻ፣ ያለ ኤሌክትሪክ መሥራት ስለሚቻል የተሟላ መሣሪያ በሌለባቸው ቦታዎች ጠቃሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል። በጥንካሬ ከሌሎቹ ስለሚያንስ ብዙ ጫና በሚያርፍባቸው የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ለወተት ጥርስ ግን ተስማሚ ነው።

ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ በሙሌት ፋንታ የጥርስ ሽፋን (ክራውን) ሊመክር ይችላል።

እንዴት ይመረጣል?

ምርጫው በክፍተቱ ስፋት፣ በጥርሱ ቦታ፣ በታካሚው ዕድሜና ጤና፣ በሚታይበት መጠንና በመክፈል አቅም ላይ ይመሠረታል። ተገልጋዩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ መብቱ ነው፦

- ለዚህ ጥርስ የትኞቹ አማራጮች አሉ? እያንዳንዱስ ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?
- ጠቅላላ ክፍያው ምርመራን፣ ራጅንና ማደንዘዣን ያካትታል?
- ሙሌቱ ቢወድቅ ምን ይደረጋል?

የጤና መድህን አባላት አገልግሎቱ መሸፈኑን አስቀድመው ማረጋገጥ አለባቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ አለርጂ ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሁኔታቸውን ለሐኪሙ መንገር ይኖርባቸዋል።

ቀድሞ የተሠራ አማልጋም ያላቸው ሰዎች ሙሌቱ ደህና እስከሆነ ድረስ በስጋት ብቻ ማስወጣት አይመከርም። በማስወጣቱ ሂደት የሜርኩሪ ትነት ለጊዜው ይጨምራል፤ ጤናማ የጥርስ ክፍልም ሊጎዳ ይችላል።

ከሕክምናው በኋላ

የማደንዘዣው ስሜት እስኪለቅ ምላስንና ከንፈርን ላለመንከስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አማልጋም የተሞላላቸው ሰዎች ለ24 ሰዓት ያህል በዚያ ጥርስ ጠንካራ ምግብ አለማኘክ ይገባቸዋል። ለጥቂት ቀናት መጠነኛ ሕመም የተለመደ ነው። ሙሌቱ ከፍ ብሎ ጥርስ አልገጥም ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ እንደገና ከበረታ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥና መተንፈስ ከከበደ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

የተሞላ ጥርስ በሙሌቱ ዳርቻ እንደገና ሊቦረቦር ይችላል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ መቦረሽ፣ የስኳርን መጠን መቀነስና ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ መመርመር ሙሌቱን ያቆየዋል።